የሚደነብር ፈረስ፣ የሚለግም ፈረስ



እንጅባራ ላይ ቆሞ ስለ ፈረስ ክብር መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለበት፣ ጥር 23 በመጣ ቁጥር ሜዳው በፈረሰኛ የሚሞላበት አገር ነው። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ጠበብ ያለ ነው። ኮርቻ ገና የለመደ የ4 ወይም የ5 ዓመት ፈረስ ከግቢ ሲወጣ አልሄድም ብሎ ቢለግም፣ ወይም መንገድ ላይ አጥር የያዘው ፌስታል አይቶ ቢደነብር ምን እናድርግ? ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ወድቆ ወገቡን የሚሰብረው፣ ደህና ፈረስ «ለጋሚ ነው» ተብሎ በርካሽ ለጋሪ የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የማምንበትን ከመጀመሪያው ልናገር። ፈረስ ጎልቶ የሚይዘው ያስጨነቅነውን ጊዜ ሳይሆን ማስጨነቁን የተውንበትን ቅጽበት ነው። ዛብ ሲሳብ አፉን ይከብደዋል፤ ሲቆም እጃችን ከላላለት ቀጥ ማለት ዕረፍት እንደሚያስገኝ ያውቃል። ተረከዛችን ጎኑን ሲነካው ይጨንቀዋል፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ ተረከዙ ከተነሳለት መሄድን ይማራል። የላላንበት ጊዜ ከተሳሳተ ደግሞ ያላሰብነውን እናስተምረዋለን። በር ላይ የቆመን ፈረስ ደብድበን ደብድበን፣ ክንዳችን ሲዝል «ዛሬስ አልሆነም» ብለን ወደ ጋጣው ከመለስነው ምን ተማረ? ዱላውን ከቻለ ቤቱ እንደሚገባ ተማረ። በማግስቱ ከበሩ ቀድሞ ይለግማል፤ በሦስተኛው ቀን ኮርቻውን ሲያይ ይጀምራል። ሰውየው «ተንኮለኛ ነው» ይላል። ተንኮሉን ያስተማረው ግን ራሱ ነው።

ይህን ለመረዳት ፈረሱ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረስ ታዳኝ እንስሳ ነው። ቀንድ የለውም፣ የሚቧጭርበት ጥፍር የለውም፤ ከምንም በላይ የሚተማመነው በእግሩ ነው። መጀመሪያ ይሸሻል፣ ቀጥሎ ዞር ብሎ ያያል። ዓይኑ በየብስ ላይ ከሚኖሩ እንስሳት ዓይን ከትልልቆቹ አንዱ ነው። በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጠ ዙሪያውን 350 ዲግሪ ገደማ ያያል፤ የሚሰወርበት ከግንባሩ ፊት ያለው በጣም ቅርብ ቦታና ከጭራው ኋላ ያለው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዓይኖቹ ባንድ ላይ አይቶ ርቀትን በደንብ የሚለካው ከፊቱ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ስለዚህ ከጎኑ ብልጭ ያለ ነገር ሲኖር ዞር ብሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሊያጣራው ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ፈርተን ዛቡን እንጨብጣለን። እንዳያጣራ ከከለከልነው በኋላ ምን ቀረው? መሸሽ።

ሌላም አለ። ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ ዓይኑ እስኪለምድለት ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። በጠራራ ፀሐይ ቆይቶ ባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ድልድይ ስር ያለውን ጨለማ ሲያይ፣ ለእኛ ግልጽ የሆነው ለእሱ ጉድጓድ ነው። ቀይና አረንጓዴን አይለይም፤ ሰማያዊና ቢጫን ግን ይለያል፤ ስለዚህ ሣር ላይ የተዘረጋ ሰማያዊ ሸራ ሲያይ ቢቆም አይግረማችሁ። ጆሮዎቹ ለየብቻ ይዞራሉ፤ የሰው ጆሮ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅም ይሰማል። «ምንም ሳይኖር ደነበረ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ እኛ ያላየነው ወይም ያልሰማነው ነገር አለ።

ብዙ ሰው «ፈረስ በግራ ዓይኑ ያየውን በቀኝ ዓይኑ አያውቀውም» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ፈረሶች በአንድ ዓይናቸው የተማሩትን በሌላው እንደሚለዩት በሙከራ ታይቷል። ሲሄድ ዝም ያለው ፈረስ ሲመለስ እዚያው ቋጥኝ ላይ የሚደነብረው ቋጥኙ ከዚያኛው ወገን ሌላ መልክ ስላለው ነው። ያስለመዳችሁትን ነገር ሁሉ ከሁለቱም አቅጣጫ አሳዩት።

ይህ ፍርሃት በእርባታ አልጠፋም ወይ ትሉ ይሆናል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥንታውያን ፈረሶች የዘረ መል ጥናት ዛሬ በዓለም ያሉት ለማዳ ፈረሶች ከቮልጋና ከዶን ወንዞች የታችኛው ሜዳ ከ4,000 ዓመታት በፊት እንደተስፋፉ አመልክቷል። ከዘረ መሉ እንደሚነበበው የዚያ ዘመን አርቢዎች በተለይ ሁለት ነገር መርጠዋል፦ ሸክም የሚችል ጀርባና ረጋ ያለ ጠባይ። ያም ሆኖ ከእነዚያ ሁሉ ትውልዶች በኋላ ፍርሃቱ አልጠፋም። 

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ፈረሱን ከመውቀሳችን በፊት ሰውነቱን እንይ። ሱ ዳይሰን የተባለች እንግሊዛዊት የፈረስ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሰው የተቀመጠበት ፈረስ የሚያሳያቸውን 24 ምልክቶች ለይታለች፤ ከእነሱ 8 ወይም ከዚያ በላይ የታዩበት ፈረስ ሕመም ሊኖርበት እንደሚችል ደርሳበታለች። በዝርዝሩ ውስጥ ወደፊት አልሄድም ማለት አለ፣ መደንበር አለ፣ በኋላ እግር መቆም አለ፣ መፈናጠርም አለ። ማለትም እኛ የጠባይ ችግር የምንለው በሐኪም ዓይን የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ኮርቻውን አውርዱና ሦስቱን ጣቶቻችሁን በአከርካሪው ግራና ቀኝ ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ ድረስ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ። አንድ ቦታ ላይ ሥጋው ከእጃችሁ ስር ቢሸሽ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ቢለጠፍ ወይም ጭራውን ቢወዘውዝ፣ ልግሙ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ነጭ ጠጉር የበቀለበት ቦታ ካለ የዱሮ ገጣባ ምስክር ነው። ኮርቻው ተጭኖ፣ ሰውም ተቀምጦበት፣ ጋማው ከሚያልቅበት ጉብታ በላይ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ኮርቻው አጥንቱን እየወጋው ነው፤ ድብዳብ መደራረብ አያድነውም፣ እንዲያውም ያጠብቀዋል። አፉንም ክፈቱ። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ዓመት ተኩልና በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይለውጣል፤ ከመንጋጋ ጥርሶቹም የሚለወጡት በዚሁ ዘመን ነው። ልጓም የምናስለምደው ልክ በዚያ ዕድሜ ነው! ድዱ ያበጠ ፈረስ ልጓም ሲሳብበት ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥ ምን ያስገርማል? የጀርባው አጥንት ዕድገቱን የሚጨርሰውም 5 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው። የ3 ዓመት ፈረስ ላይ ሙሉ ሰው አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ መጋለብ ልግምን በእጅ መትከል ነው።

ሰውነቱ ደህና ሆኖ የሚደነብር ከሆነ ሥራው የርቀት ሥራ ነው። የአቴናው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረሰኛነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ፈረሱ የሚጠራጠረውን ነገር ጋላቢው ራሱ ነክቶ እንዲያሳየው፣ ከዚያ በእርጋታ እንዲያስጠጋው ይመክራል። በዱላ የሚያስጠጉት ፍርሃቱን እንደሚያብሱበትም ጽፏል፤ ምክንያቱም ፈረሱ ሕመሙ ከዚያ ከሚፈራው ነገር የመጣ ይመስለዋል። እኛም ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት እንላለን። ነጩ ፌስታል አለ፣ ጀርባውም ተመታ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ፌስታል ማለት አለንጋ ማለት ነው።

በዴንማርክ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። የ2 ዓመት ፈረሶችን በሦስት ከፍለው ከሚንቀሳቀስ ነጭ የናይለን ከረጢት ጋር አለማመዷቸው። ከረጢት ማለት እኮ ያው የእኛ ፌስታል ነው። አንደኛው ክፍል ሙሉውን ነገር እየደጋገመ እንዲያይ ሆነ፤ ሁለተኛው ደረጃ በደረጃ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፤ ሦስተኛው ከምግብ ጋር ተያይዞለት። ደረጃ በደረጃ የተለማመዱት የሸሹት ከሁሉ ያነሰ ነበር፤ ለመልመድ የፈጀባቸውም ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ሁሉም በመጨረሻ ለመዱ። ከሌሎቹ ግን ጨርሰው ያልለመዱ ነበሩ።

በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ የቀርከሃ አጥር ላይ የተሰካ የማዳበሪያ ከረጢት ንፋስ ሲነካው ይርገበገብ ነበር። የያዝኳት የ4 ዓመት ባዝራ ከሩቅ አየችው። መጀመሪያ የተለወጠው ጆሮዋ ነው፤ ሁለቱም ወደፊት ተተከሉ። ቀጥሎ ትንፋሿ ቆመ፤ ከኮርቻው ስር ጀርባዋ እንደ ሳንቃ ሲደርቅ በጭኔ ተሰማኝ። እግሯ ገና አልቆመም ነበር። ያኔ አቆምኳት፤ እሷ ከመቆሟ በፊት። ዛቡን አላላሁና ተመልከቺ ብዬ ተውኳት። ልቧ ሲመታ ከኮርቻው መታጠቂያ በታች ይታወቅ ነበር። ቆየች። ከዚያ አንደኛው ጆሮዋ ወደ እኔ ዞረ፤ ረዥም ትንፋሽ ለቀቀች፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከንፈሯን ላሰች። በዚያች ቅጽበት ፊቷን አዙሬ ሁለት ሦስት እርምጃ አራቅኋት። ሳትሸሽ ቀድሜ እኔ አራቅኋት ማለት ነው። ከዚያ መልሰን ትንሽ ቀረብ አልን። እንዲህ እየቀረብን እየራቅን ከረጢቱ አጠገብ ስንደርስ ከላይዋ ወርጄ በእጄ ነካሁት፤ እሷም አፍንጫዋን አስረዝማ አሸተተችው። በዚያ ቀን በቂ ነበር፤ አልፈን ሄድን።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። የማርቃት ስትረጋ ነው፤ ስታንገራግር አይደለም። አንገራግራ ከዞረች በኋላ ባርቃት ማንገራገሯን መረቅሁላት ማለት ነው። መንገዱ ቆም ብሎ ለማየት ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኋላ ከሰል የጫነ አይሱዙ እየመጣ ከሆነ፣ የፈረሱን ፊት ከሚፈራው ነገር በትንሹ ወደ ሌላኛው ወገን አዙራችሁ በጎን በኩል አሳልፉት። ዓይናችሁን ፌስታሉ ላይ አትትከሉ፤ ልታደርሱት የምትፈልጉትን ቦታ እዩ።

ልግሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ትዕግሥቱን የሚያጣው እዚህ ነውና። ለጋ ፈረስ የሚለግመው ብዙውን ጊዜ በር ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ወይም የቤቱ ፈረሶች ከዓይኑ በሚሰወሩበት መታጠፊያ ላይ ነው። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ከመንጋ መለየት ለእሱ አደጋ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት አዋቂ ጓደኛ ነው። ረጋ ያለ የለመደ ፈረስ አብሮ ሲኖር ያልለመደው ፈረስ ፍርሃቱ እንደሚቀንስ እዚያው ዴንማርክ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ተረጋግጧል። አባቶቻችን ውርንጭላውን ከባዝራዋ ኋላ አስከትለው ገበያ ሲያደርሱት ይህን ያደርጉ ነበር። መጀመሪያ ኋላ ይከተል፤ ቀጥሎ ጎን ለጎን ይሂድ፤ ከዚያ ለጥቂት እርምጃ ከፊት ይውጣና ሳይፈራ ወደ ኋላ ይመለስ። ከፊት የሚቆይበትን ርቀት ቀስ በቀስ አስረዝሙት።

ሁለተኛው ነገር ቤትን ብቸኛ የዕረፍት ቦታ አለማድረግ ነው። ሄዶ ሄዶ በዚያው መንገድ የሚመለስ ፈረስ መታጠፊያዋን ያውቃታል፤ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይዞራል። ዙሪያ ገጥም መንገድ ምረጡ። መንገድ ላይ ወርዳችሁ ኮርቻውን አላልታችሁ ሣር አስግጡት። ቤት ስትገቡ ደግሞ ወዲያው አትውረዱ፤ ግቢ ውስጥ ትንሽ አሠሩት። ወደ ቤት ሲመለስ መጋለብ የሚወዱ ወጣቶች አሉ፤ ለጋ ፈረስን ከሚያበላሹ ልማዶች ይህን የሚያህል የለም። ሲመለስ ሁልጊዜ በእርምጃ ይሂድ።

ከለገመ በኋላስ? ጎኑን በተረከዝ መጠዝጠዝ አይረዳም፤ ጎኑ ይደነዝዛል፣ ወይም ይቆጣና ይነሳል። ወደፊት አልሄድም ያለ ፈረስ ወደ ጎን ግን ይሄዳል። አንዱን ዛብ ብቻ ወደ ጉልበታችሁ ከፈት አድርጋችሁ ጭንቅላቱን አዙሩት፤ እግሩ ተንቀሳቅሶ አንድ እርምጃ ሲያደርግ ወዲያው አላሉለት። ወደ ግራ ዞሮ ወደ ቤት ሊመለስ ከፈለገ በግራ በኩል ክቡን አታስጨርሱት፤ በመጣበት በቀኝ በኩል መልሱትና ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጉት። ፊቱ ወደ መንገዱ ሲሆን ዝም በሉት። ፊቱ ወደ ቤት ሲሆን ሥራ ይብዛበት። አንድ እርምጃ ወደፊት ካደረገ አንገቱን ዳብሱት፣ ቁሙ፣ ተንፍሱ። ዛሬ ከበሩ 50 እርምጃ ርቆ በሰላም ከተመለሰ፣ ዓይኑ ፈጦ በላብ ተነክሮ ገበያ ከደረሰው ፈረስ ይበልጣል።

በኋላ እግሩ ከቆመ ግን እጃችሁን ወደፊት ስጡ፣ ደረታችሁን ወደ አንገቱ አስጠጉ፣ ጋማውን ያዙ። ዛቡን የሚጎትት ሰው ፈረሱን በላዩ ላይ ይገለብጠዋል። በመንጋጋ ዙሪያ የሚያርፈው የቆየው ባለቀለበት ልጓም በተለይ ጎትቶ ለያዘ ሰው አደገኛ ነው፤ ለለጋ ፈረስ አልመክረውም። ፈረስ በኋላ እግሩ መቆምን ከደጋገመ ደግሞ ከላይ ሆናችሁ አትታገሉ። ወርዶ በእጅ መምራት አያሳፍርም፤ ልምድ ያለው ገሪ የሚያስፈልግበትን ጊዜ ማወቅም እንደዚሁ።

ምግብም አለ። ገብስና ባቄላ ጠግቦ ለሳምንት ታስሮ የዋለ ፈረስ ቅዳሜ ሲወጣ ቢፈነጥዝ ጥጋቡ ነው፤ እህሉን ቀንሱ፣ በየቀኑ ሜዳ አውጡት።

የጋላቢውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በስዊድን ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች ፈረስ እየመሩ ወይም እየጋለቡ በአንድ ቦታ አራት ጊዜ እንዲያልፉ ተደረገ። ከአራተኛው በፊት «አሁን ስታልፉ ጃንጥላ ይዘረጋል» ተባሉ። ጃንጥላው አልተዘረጋም። ይሁን እንጂ የሰዎቹም የፈረሶቹም የልብ ምት ጨመረ። ፈረሶቹ የተነገረውን አልሰሙም፤ ያዩትና የተሰማቸው የሰውየው ሰውነት ነው። ስለዚህ ከቤት ተጣልቶ የወጣ ሰው፣ ወይም ባለፈው ጊዜ እዚህ ድልድይ ላይ የወደቀ ሰው፣ ለጋ ፈረስ ይዞ ወደዚያ ድልድይ አይሂድ። ትከሻችሁን ጣሉ፣ ትንፋሻችሁን እስከ ሆዳችሁ አውርዱት፣ ድምፅ አውጥታችሁ አነጋግሩት፤ እየተናገረ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፈረስ የሌላችሁ፣ ባጃጅና መኪና የምትነዱም አላችሁ። እናንተንም እለምናለሁ። ፈረሰኛ ስታዩ ጡሩምባ አትንፉ፤ ከሩቁ ቀስ በሉ፣ ሰፋ አድርጋችሁ እለፉ፣ ካለፋችሁ በኋላም ወዲያው ነዳጅ አትርገጡ። ፈረሱ በጎን ወደ አስፋልቱ የሚዘለው ብዙ ጊዜ መኪናው ካለፈ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ጥር 23። ዘንድሮ 4 ዓመት የሞላው ፈረስ ያላችሁ፣ በዚህ በዓል አትውጡበት። ሆታው፣ ግልቢያው፣ የተሸለሙት ፈረሶች፣ የሕዝቡ ብዛት ባንድ ጊዜ ለእሱ ይበዛል። በቅድሚያ ግቢ ውስጥ ግላሱንና ጌጡን አልብሱት፣ ዘፈን ክፈቱለት፣ ልጆች ጃንጥላ እየዘረጉ በሩቅ ይለፉ። በዕለቱ ያለ ኮርቻ፣ ከአንድ የለመደ ፈረስ ጋር በእጅ እየመራችሁ ከሜዳው ዳር አምጡት። ሰልፉን በሩቅ ይይ፣ ሣር ይጋጥ። ገና ረጋ ብሎ ሳለ፣ በዓሉ ሳያልቅ መልሱት። በሚቀጥለው ዓመት ኮርቻ ጭናችሁ ከሰልፉ ጫፍ፣ ከሚያውቀው ፈረስ ጎን አሰልፉት፤ መሐል የሚገባው በሦስተኛው ዓመት ነው።